ካላዛር በጣራ ገዳም ግርጌ፦ የሕሙማን ካርድ የነገረንና ያልነገረን

ከወረታ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የርብን ወንዝ ተሻግሮ አዲስ ዘመን ሲደርስ፣ ከከተማዋ በላይ በደን የተሸፈነው ጣራ ገዳም ይታያል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ አካባቢ በሚገኙ የሊቦ ከምከም ወረዳ ቀበሌዎች ሰዎች ሳምንታት፣ አልፎም ወራት በሚዘልቅ ትኩሳት ይያዙ ጀመር። ሰውነታቸው ይመነምናል፣ ደማቸው ያንሳል፣ ጣፊያቸው አብጦ ሆዳቸውን ይነፋዋል። የወባ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ አይሻላቸውም። ብዙዎች ሞቱ። ለሕመሙ የተሰጠው ስም «መድኃኒት የተላመደ ወባ» የሚል ነበር።

ይህ ስሕተት ከግዴለሽነት የመጣ አይመስለኝም። የፎገራ ሜዳና ዙሪያው የወባ አገር ነው። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱን ከባድ የወባ ወረርሽኝ መቷት ነበር። ፋንሲዳር የሚባለው መድኃኒት መሥራት እያቃተው በኮአርተም የተተካውም በዚያው ሰሞን ነው። እንግዲህ ትኩሳት ይዞት መድኃኒቱ አልሠራለት ያለ ሰው ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ ባለሙያው ቀድሞ የሚጠረጥረው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ካላዛር ደግሞ እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው በሁመራና በመተማ ቆላ፣ ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ በሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ላይ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ወይና ደጋ፣ ከቀዬያቸው ርቀው የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ በካላዛር ይታመማሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

በሽታው ካላዛር ተብሎ በስሙ የተጠራው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ የሕክምና ማዕከል ከፈቱ፤ በአካባቢው ሌላ የካላዛር ማከሚያ አልነበረም። ከግንቦት 17 ቀን 1997 እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2000 ዓ.ም. እዚያ የታከሙ ሰዎች ካርድ ተሰብስቦ ተጠና፤ ውጤቱም በ2001 ዓ.ም. ታተመ። ወደኋላ የሚመለከት ጥናት የሚባለው ይኸው ነው። ተመራማሪው ሕመምተኛውን አያገኘውም፤ የሚያገኘው ሌላ ሰው፣ ለሌላ ዓላማ፣ ወረፋ እየጠበቀው የሞላውን ወረቀት ነው። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ ክብደት፣ ጣፊያው ከጎድን በታች ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ፣ የተሰጠው መርፌ፣ በመጨረሻም ዳነ ወይስ ሞተ።

ካርዶቹ ብዙ ነገር ተናገሩ። ከታከሙት 77.6 በመቶው ወንዶች ናቸው፤ የዕድሜያቸው መካከለኛ 18 ዓመት ነው። የሞቱት 4 በመቶ ናቸው። 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው የመሞት ዕድሉ ከ5 እስከ 29 ዓመት ካለው 5 እጥፍ ነበር። ኤች አይ ቪ፣ የሰውነት እብጠት፣ ከባድ የምግብ እጥረት፣ የሳንባ ምች፣ ቲቢና ትውከት ሞትን የሚያባብሱ ሆነው ተገኙ። ተረኛዋ ነርስ ሌሊት የትኛውን አልጋ ደጋግማ ማየት እንዳለባት ከዚህ ዝርዝር ታውቃለች። ወረርሽኙ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ጣሪያ ነክቶ፣ ሁለት ወረዳዎችን አዳርሶ፣ በኋላም በአካባቢው ሥር ሰዶ የሚኖር በሽታ መሆኑን ያሳየውም ይኸው መዝገብ ነው።

ያልተናገሩትም አለ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ካላዛር ካልታከመ ከ100 ታማሚዎች ከ95 በላይ ይገድላል። ስለዚህ 4 በመቶ የሚለው ቁጥር የወረርሽኙ ሞት አይደለም፤ ማዕከሉ ደርሰው አልጋ ያገኙት ሰዎች ሞት ነው። ከግንቦት 1997 በፊት «ወባ ነው» ተብለው የተቀበሩት ካርድ የላቸውም። ወንዶቹ የበዙትስ ለምንድን ነው? ከብት ሲጠብቁ ውጭ ስለሚያድሩ፣ ለሥራ ወደ ቆላ ስለሚወርዱ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ ለመጓጓዣ ያለውን ገንዘብ ለወንዱ አውጥቶ ሴቲቱን ጸበል ብቻ አስይዞ ቤት አስቀርቷት እንደሆነስ? ካርድ ያልመጣን ሰው አይመዘግብም። ዕድሜም ቢሆን የልደት ምዝገባ በሌለበት ገጠር በግምት የሚሞላ ነው። ድኖ የሄደ ሰው በሽታው አገርሽቶበት ሲመለስ አዲስ ካርድ ከወጣለት ደግሞ አንዱ ሕመምተኛ ሁለት ይሆናል።

ሰዎቹ በሽታውን ከየት አገኙት ለሚለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ መንደር መውረድ አስፈልጓል። ሌላ ቡድን 171 ሕሙማንን ከ171 ጤነኞች ጋር እያጣመረ ጠየቀ። ውሻ ያላቸው፣ ቀን ግራር ሥር የሚተኙና ሌሊት ውጭ የማደር ልማድ ያላቸው ሰዎች ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። በሽታውን የምታስተላልፈው ሴቷ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ በበጋ በሚሰነጠቀው ዋልካ አፈርና በግራር ዙሪያ ትጠለላለች። ቀን ግራር ሥር ለሚያሸልብ እረኛ ቤት የተሰቀለ አጎበር ምን ያደርግለታል? አጥኚዎቹም አጎበር የሚከላከለው ለተወሰኑት ብቻ ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። ከመንደሮቹ ውሾች በ5ቱ መቅኒ ውስጥ የበሽታው ተውሳክ ዘረመል ተገኝቷል። ውሻ በሽታውን ያዛምታል ወይስ እንደ ሰው ተጠቂ ብቻ ነው የሚለው ግን ሌላ ጥናት የሚጠይቅ ሆኖ ቀረ።

ካርድ የጥያቄ መነሻ መሆን እንደሚችል ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የኤች አይ ቪ ጉዳይ ነው። የጎንደርና የሁመራ ሕሙማን መዝገቦች ሲገላበጡ፣ ሁለቱ በሽታዎች የተደረቡባቸው ሰዎች በተለመደው የስቲቦግሉኮኔት መርፌ ሲታከሙ ብዙ እንደሚሞቱና በሽታውም እንደሚያገረሽባቸው ታየ። ይህ ሥጋት በጎንደርና በአብደራፊ ሕሙማንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚከታተል ሙከራ አስከተለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 ዓ.ም. ለእነዚህ ሰዎች አምቢሶምና ሚልቴፎሲን የተባሉት መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ መከረ። ኤች አይ ቪ ለሌለባቸውም 30 ቀን ይፈጅ የነበረው መርፌ ከፓሮሞማይሲን ጋር ተጣምሮ ወደ 17 ቀን ወርዷል። ቀን ሠርቶ ለሚያድር ሰው 13 ቀን ትልቅ ነገር ነው።

ባንግላዴሽ በ2016 ዓ.ም. ካላዛርን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ያስወገደች የመጀመሪያ አገር ተብላለች። ኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም በ2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ተመሳሳይ ዕቅድ ይዘው ተነሥተዋል። ዕቅዱ የሚለካው በሕሙማን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የሚመጣው ደግሞ ከጤና ጣቢያ መዝገብ ነው። በደም ጠብታ የሚሠራው ፈጣን መመርመሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ግን የሚመዘገበው ካላዛር ሳይሆን ትኩሳት ነው። እኔ ብጠየቅ መመርመሪያው በሊቦ ከምከምና በፎገራ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ እንዲደርስ፣ በካርዱ ላይም ሁለት መስመር እንዲጨመር እጠይቃለሁ፦ ሕመምተኛው ባለፈው ዓመት የት ሠርቶ እንደተመለሰና፣ በቤቱ እንዲህ ታምሞ ወደ ሕክምና ያልመጣ ሰው እንዳለ።