ገንዘቡ ሶዶ ደርሷል፤ እንክብካቤውስ?

የወላይታ ልጅ ሥራ ፍለጋ ርቆ መሄዱ የቆየ ጉዳይ ነው። ቀድሞ ወደ ወንጂና መተሐራ የሸንኮራ እርሻዎች ይወርድ የነበረው ጉልበት ዛሬ አዲስ አበባና ሐዋሳ ገበያ ውስጥ ይገኛል፤ ደቡብ አፍሪካና ዓረብ አገር የደረሰውም ጥቂት አይደለም። መስከረም ላይ የጊፋታ በዓል ሲቃረብ ከያለበት ተሰባስቦ ይገባል። በዓሉ ሲያልፍ ልጅ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ቤት የሚቀሩት አባትና እናት ናቸው።

ገንዘብ መላክ ዛሬ ችግር አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የደንበኛው ቁጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። የሳፋሪኮም ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ገበያውን ተቀላቅሏል። መርካቶ ያለ ነጋዴ ሱቁን ሳይዘጋ ለእናቱ የመድኃኒት መግዣ ሊልክ ይችላል። ይሁንና ገንዘቡ መድረሱ አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ መገዛቱ ሌላ፣ በሰዓቱ መዋጡ ደግሞ ሌላ ነው። በእነዚህ በሦስቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ አገልግሎት በሶዶና በአካባቢው ከተሞች ሊሠራበት የሚገባ ገበያ ነው።

ከፋዩ ማን ነው?

በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ያህል ነበር። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ይኖር እንደነበር ከዚሁ ቆጠራ ይታያል። እንዲህ በተጣበበ መሬት ላይ ሁሉም ልጅ ከአባቱ ማሳ ድርሻ አግኝቶ መኖር ስለማይችል ርቆ መሄዱ የግድ ነው።

በሌላ በኩል ጡረታ ያለው አረጋዊ ጥቂት ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ጡረታ የቆየ ሲሆን፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ በጡረታ አዋጅ የታቀፈው በ2003 ዓ.ም. ነው። ገበሬው፣ ሸማኔውና የጉልት ነጋዴው ከሁለቱም ውጭ ናቸው። ሠርተው መብላት ለማይችሉ እጅግ ደሃ አረጋውያን በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ ድጋፉ ግን ለሁሉም አይደርስም። የአብዛኛው አረጋዊ ጡረታ ልጁ ነው።

ስለዚህ በዚህ ገበያ ተገልጋዩና ከፋዩ አንድ ሰው አይደሉም። ተገልጋዩ ሶዶ፣ ቦዲቲ ወይም አረካ ይኖራል፤ ከፋዩ ሩቅ ነው። ሩቅ ያለው ከፋይ ደግሞ በዓይኑ ላላየው ነገር ነው የሚከፍለው። ከዚህም የተነሳ የሚሸጠው ዋና ሸቀጥ ማስረጃ ነው። ስልኩና ኮምፒዩተሩ የሚያስፈልጉትም ይህንን ማስረጃ ለማድረስ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው

ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ደህና ካሜራ ያለው አንድ ስማርት ስልክ፣ በባትሪ የሚሠራ የደም ግፊት መለኪያ፣ ስኳር ላለባቸው ደግሞ የስኳር መለኪያ ይበቃል። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ ግፊት ደግሞ በዕድሜ የሚጨምር ሕመም ነው። መለኪያው ሲገዛ በክንድ ላይ የሚታሰረው ይመረጣል፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው በአያያዝ ስህተት ውጤቱን በቀላሉ ያዛባል። ተለኪው 5 ደቂቃ ያህል አርፎ፣ ጀርባውን አስደግፎና ክንዱን በልቡ ትይዩ አሳርፎ መቀመጥ አለበት። ውጤቱ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ እየሆነ ከተደጋገመ ጉዳዩ የጤና ባለሙያ ነው።

የአሠራሩ መልክ የሚከተለው ነው። በአካባቢው የምትታወቅ፣ ወላይትኛ የምትናገርና ሥልጠና የወሰደች ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ቀን ቤቱ ትሄዳለች። ግፊት ትለካለች፣ የቀረውን ክኒን ትቆጥራለች፣ ስለ ምግቡና ስለ እንቅልፉ ትጠይቃለች። ያገኘችውን በስልኳ ትመዘግባለች፤ መዝገቡም ቢሮ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ይጠቃለላል። ልጅ በዚያው ቀን በቴሌግራም ወይም በኢሞ አጭር መልእክትና የመለኪያውን ፎቶግራፍ ያገኛል፤ ከወላጁም ጋር ፊት ለፊት እየተያየ ይነጋገራል። መድኃኒት የመዋጫው ሰዓት ሲደርስ በአረጋዊው ስልክ ላይ የሚጮኸው ደወል በልጁ ድምፅ በወላይትኛ ተቀድቶ ሊቀመጥ ይችላል። ማንበብ ለማይችል ሰው ከጽሑፍ መልእክት ይልቅ የልጅ ድምፅ ይሻለዋል።

የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ዓመታዊ መዋጮ የሚታደስበት ቀንም በዚሁ መዝገብ መያዝ አለበት። ቀኑ ተረስቶ ካለፈ በመድኅኑ ይሸፈን የነበረው ሕክምና በልጁ ኪስ ላይ ይወድቃል።

የጃፓኑ ማንቆርቆሪያ

ይህ ሥራ በሰው እንጂ በማሽን ብቻ እንደማይቃና የውጭው ልምድ ያሳያል። በጃፓን አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. ለብቻቸው ለሚኖሩ አረጋውያን የተሠራ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ አወጣ። አረጋዊው ጠዋት ሻይ ሲቀዳ ማንቆርቆሪያው ሩቅ ላለው ልጅ መልእክት ይልካል። መልእክቱ ከቀረ ልጅ ደውሎ ይጠይቃል። ዘዴው ያማረ ነው፤ ሆኖም ወላጅ ወድቆ ከተገኘ ማንቆርቆሪያው አያነሳውም።

ወላይታ ውስጥ ይህንኑ ሥራ ጠዋት ቡና ወይም የቡና ቅጠል የሚጠራራው ጎረቤት ሲሠራ ኖሯል። ከቡናው የቀረ ሰው ወዲያው ይጠየቃል፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለውም በከንቱ አይደለም። የጎደለው ጎረቤት ያየውን ሩቅ ላለው ልጅ በወቅቱና በሥርዓት የሚያደርስ ሰው ነው። ስለዚህ ባለሀብቱ ጎረቤትን የሚተካ ማሽን ከማስመጣት ይልቅ ጎረቤትን የመረጃ ምንጭ አድርጎ ቢይዝ ወጪው ያንሳል፤ ተቀባይነቱም ይጨምራል። በየሰፈሩ ያለው ዕድርም ሠራተኛዋን ለማስተዋወቅና ለመመስከር ተመራጭ በር ነው።

ሒሳቡ ምን ይላል?

አንዲት ሠራተኛ በቀን 5 ቤት ብትጎበኝ በ6 የሥራ ቀን 30 ጉብኝት ይሆናል። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት ሁለቴ የሚጎበኝ ከሆነ 15 ደንበኛ ትይዛለች ማለት ነው። ለማስላት ያህል ብቻ የወር ደመወዟ 6,000 ብር፣ የነርስ ክትትል 2,000፣ የባጃጅ 1,500፣ የስልክና ኢንተርኔት 500፣ የቢሮ ድርሻ 2,000 ብር ይሁን። ድምሩ 12,000 ብር ነው፤ በ15 ቤት ሲካፈል ለአንዱ 800 ብር ይደርሳል።

አገልግሎቱ በወር 1,000 ብር ቢሸጥ ትርፉ 3,000 ብር ነው። ደንበኛው ወደ 12 ዝቅ ካለ ትርፍም ኪሳራም የለም። ቤቶቹ ተራርቀው በቀን 3 ብቻ መጎብኘት ከተቻለ ግን ሠራተኛዋ የምትይዘው 9 ደንበኛ ስለሚሆን 3,000 ብር ኪሳራ ይመጣል። ከዚህ የሚታየው ትርፉን የሚወስነው የቤቶቹ መቀራረብ መሆኑን ነው። አንድ ቀበሌ ሳይሞላ ወደ ሌላው መዝለል፣ ይልቁንም ከሶዶ ተነስቶ ገጠር ለገጠር መበተን፣ ድርጅቱን ያከስራል።

የምንዛሪው ነገርም መታየት አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣው መለኪያና የስኳር መመርመሪያ በዚያው መጠን ተወድዷል። በአንጻሩ ውጭ አገር ላለው ልጅ በብር የተተመነው አገልግሎት ረክሶለታል። ጀማሪ ድርጅት ዕቃ ከማከማቸት ይልቅ አገልግሎት ቢሸጥ የሚሻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነጥቦች

አንደኛው የሚስጥር ቁጥር ነው። ቴሌብር ሲጀመር በ5 ቋንቋዎች የቀረበ ሲሆን ወላይትኛ ከእነዚህ አንዱ አልነበረም። ቋንቋው ወይም ፊደሉ የቸገረው አረጋዊ ስልኩን ከነሚስጥር ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። መፍትሔው ገንዘቡን ከሠራተኛዋ እጅ ማራቅ ነው። ልጅ ለመድኃኒት ቤቱ በቀጥታ ይክፈል፤ ሠራተኛዋ መድኃኒቱን በደረሰኝ ተረክባ ደረሰኙንና ዕቃውን ፎቶግራፍ አንስታ ትላክ። ይህ ደንብ ባለቤቱንም ሠራተኛዋንም ከሐሜት ያድናል።

ሁለተኛው የሥራ ድንበር ነው። የሠራተኛዋ ሥራ መለካት፣ ማስታወስና ማሳወቅ ነው። መርፌ መውጋት፣ መድኃኒት መጨመርና መቀነስ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። በድንገተኛ ሕመም ጊዜ ለማን እንደሚደወልና በምን ተሽከርካሪ ወደ ሆስፒታል እንደሚኬድ አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። የመብራትና የኢንተርኔት መቋረጥ የሚጠበቅ ስለሆነ የወረቀት መዝገብም አይጣል።

ሦስተኛው ገመና ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናን መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው ውስጥ ይመድበዋል። የአረጋዊው ፎቶግራፍና የሕመሙ ሁኔታ ከመላኩ በፊት የራሱ የአረጋዊው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከፋዩ ልጅ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ብዙ ልጆች ባሉበት ቤትም መልእክቱ ለማን እንደሚደርስ ወላጁ ራሱ ይወስን። ወላጅ እንደ ዕቃ የሚጠበቅ ከመሰለው በሩን ይዘጋል፤ በሩ ከተዘጋ ደግሞ ገበያው ያከትማል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደርና የፖለቲካ መቀመጫ ሆናለች። ዩኒቨርሲቲ፣ የማስተማሪያ ሆስፒታልና ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ያሉባት ከተማ በመሆኗ ለሥልጠናና ለነርስ ክትትል የሚሆን ሰው ለማግኘት አመቺ ናት። መጀመር የሚፈልግ ባለሀብት በአንድ ቀበሌ ውስጥ 15 ቤት፣ አንዲት ሠራተኛ፣ አንድ የመድኃኒት ቤት ውልና የሦስት ወር ሙከራ ይበቃዋል። በሦስተኛው ወር ማብቂያ የሚታየው አንድ ነገር ነው፦ ልጆቹ ሳይጠየቁ የአራተኛውን ወር ከፍለዋል ወይስ አልከፈሉም? ከከፈሉ ሁለተኛዋን ሠራተኛ መቅጠር ይቻላል። ካልከፈሉ ስልኩን ወይም ኮምፒዩተሩን ከመለወጥ በፊት ሠራተኛዋ አረጋውያኑ ቤት ገብታ ምን ስትሠራ እንደቆየች መመርመር ይቀድማል።