የእረኛው ውሻና ቀይ ቀበሮ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ባሌ ተራሮች የምመላለሰው ስለ ቀይ ቀበሮ ነው፤ አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው ግን ከእረኞች ውሾች ጋር ነው። «ለቀበሮ ከመጣችሁ ውሻዬን ምን ልታደርጉት ነው?» ብለው የሚጠይቁኝ አባወራዎች ብዙ ናቸው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ያለው በቀበሮዎቹ አኗኗር ውስጥ ነው።

እዚያው ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ውርጩ ሳይቀልጥ በማለዳ የደረሰ ሰው ያየዋል። ሜዳ ላይ ተጠጋግተው፣ አፍንጫቸውን በጭራቸው ሸፍነው ያደሩት ቀበሮዎች ሲነሱ መጀመሪያ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ አፍ ለአፍ ይነካካሉ፣ ይላላሳሉ። ከዚያ አብረው ወሰናቸውን እየዞሩ በሽንታቸው ምልክት ያድሳሉ። አደን ላይ ግን ሁሉም ለየብቻው ነው፤ ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ እስኪል ድምፁን አጥፍቶ ያደባል። አብዛኛውን ጊዜ ከመንጋው የምትወልደው የበላይዋ ሴት ብቻ ናት፤ ያውም በዓመት አንዴ። ቡችሎቿን ግን መንጋው ሁሉ ይመግባል፣ የዋጠውን ሳይቀር መልሶ ይተፋላቸዋል።

ይህ መቀራረብ ያኖራቸዋል፤ በሽታ ሲገባ ደግሞ ይጨርሳቸዋል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነው። አንዱ በታመመ ውሻ ተነክሶ ከተመለሰ መንጋው በሙሉ አደጋ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌው ዌብ ሸለቆ በገባው ወረርሽኝ ከአካባቢው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ስሙ ቀበሮ ቢሆንም ዝምድናው ከተኩላ የሆነው ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፤ የቀሩት አዋቂዎችም ወደ 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ። ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ሌሊት ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ ይቀርባል። ትልቅ እመርታ ነው፤ የውሾቹን ክትባት ግን አይተካም።

ስለዚህ ለአባወራው የምመልሰው እንዲህ ነው፦ «አባ፣ ይህ መርፌ ልጅዎንና ከብትዎንም ይጠብቃል።» እሳቸው ውሻውን በሁለት እጃቸው ያዝ አድርገው ያረጋጉልኛል፤ እኔም እወጋለሁ። ውሻው ማታ ከብቶቹን ሲጠብቅ ከቀበሮ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ለቀበሮው የሚደርሰው የውሻው ጩኸት ብቻ ይሁን።