ተጨማሪ መረጃ፦ ለቤት ኮምፒውተር የቱን ጸረ ቫይረስ እንምረጥ?

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ከሚገኝ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የቤት ሥራችሁን አሳትማችሁ ስትመለሱ፣ ፍላሻችሁ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በአገራችን የታወቀው «ሾርትከት ቫይረስ» ፋይሎቹን ደብቆ በቦታቸው የአቋራጭ ምልክት ያስቀምጣል፤ ምልክቱን ስትከፍቱት ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይዛመታል። ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ ተደበቁ እንጂ አልጠፉምና ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ።

ሰላይ ሶፍትዌር (ስፓይዌር) ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ የይለፍ ቃልና መልእክት ይሰርቃል። የካናዳው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት፣ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ያነጣጠረ ሰላይ ሶፍትዌር የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ፣ በኢሜይል በሚላክ ሊንክ በኩል ይሰራጭ እንደነበር አጋልጧል።

ስትመርጡ እነዚህን ልብ በሉ፦

• ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ነጻ ነው፤ ቫይረስንም ሰላይ ሶፍትዌርንም ይከላከላል። አፕዴት ከተደረገ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል።
• ሁለት ጸረ ቫይረስ በአንድ ላይ አትጫኑ፤ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ኮምፒውተሩንም ያዘገያሉ።
• «ክራክ» የተደረገ ጸረ ቫይረስ አትጠቀሙ፤ ራሱ ቫይረስ ሊይዝ ይችላል።
• ፕሮግራሙን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ።
• የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ኮምፒውተራችሁ ከቻለ ወደ 11 አሳድጉት።

ጎጂ ፕሮግራም ሆን ብሎ ማሰራጨት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። እናንተም ፍላሽ በሰካችሁ ቁጥር ከመክፈታችሁ በፊት ስካን አድርጉ፤ የአስፈላጊ ፋይሎቻችሁንም ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።