«ግመሎቻችንም ባንዲራውን ያውቃሉ»፦ ይቺ ንግግር ለምን አልሞተችም?

ሰርዶን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው አብዛኛው ተሳቢ በእሷ ያልፋል፤ የአፍዴራ ጨው መንገድም እዚሁ ነው የሚገነጠለው። በ1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ አፍርሷት ነበር። ዛሬም አለች። እዚህ አካባቢ ስለ ሀገር ወሬ ከተነሳ የሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ስም መነሳቱ አይቀርም።

ንግግራቸውን ሁላችንም ፖስት ላይ አይተናታል፦ እንኳን እኛ ግመሎቻችንም የኢትዮጵያን ባንዲራ ያውቃሉ። ላይክ አድርገን አልፈናል። ግን ሰውየው ምን አሳልፈው ነው እንዲህ ያሉት?

አሊሚራህ በ1936 ዓ.ም. የአውሳ ሱልጣን ሆኑ። በንጉሡ ዘመን ከአዲስ አበባ ጋር ተግባብተው ሕዝባቸውን አስተዳደሩ፣ አዋሽ ዳር የጥጥ እርሻ አስፋፉ። በ1967 ደርግ የገጠር መሬትን ሲወርስ ግን ተጣሉ። ጦር መጣባቸው፤ ተሰደው ሳዑዲ ዓረቢያ ገቡ። የተመለሱት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በ2003 ዓ.ም. አረፉ። የሰመራ ኤርፖርት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ከመንግሥት ጋር ተጣልተዋል፣ ከሀገር ጋር ግን አልተጣሉም። ንግግሯን ክብደት የሰጣት ይሄ ነው። ከቤተ መንግሥት ካድሬ አፍ ብትወጣ ኖሮ እስካሁን ተረስታ ነበር።

ጎረቤት ሶማሌዎች ጋር መሪም ገጣሚም የነበረ ሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን አለ። በ1913 ዓ.ም. ኢሚ ላይ ቢሞትም ግጥሞቹ እስከ ዛሬ በቃል ይነገራሉ፤ የሶማሌ ማንነት ሲወራ እሱ ይጠቀሳል። የአሊሚራህ ግን ግጥም እንኳን አይደለችም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ሥራዋ ግን ተመሳሳይ ነው።

እንዴት? አፋር ዜና የሚለዋወጠው በዳጉ ነው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች አረፍ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። በአፍ የሚሄድ ነገር አጭርና ዓይን ላይ የሚመጣ ሲሆን ሩቅ ይደርሳል። ግመል ደግሞ ለአርብቶ አደሩ ወተቱም፣ ጭነቱም፣ ሀብቱም ናት። አፋር በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ ተከፋፍሎ ስለሚኖር «የት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ለሱ ቀላል አይደለም። ሱልጣኑ በአንድ ግመል መለሱት።

ችግሩ እኛ ጋ ነው። የባንዲራ ቀን ሲደርስ ንግግሯን እናወጣለን፣ ማታ መልሰን እናስቀምጣለን። የአዋሽ ዳር ግጦሽ ለጥጥና ለስኳር እርሻ ሲሄድ ግመሎቹ የት እንደሄዱ ግን የጠየቅን ጥቂት ነን። ግመሎቹ ባንዲራውን ካወቁ ቆይተዋል። ባንዲራውስ ግመሎቹን ያውቃቸዋል?

በሚቀጥለው ጊዜ ንግግሯን ሼር ስታደርጉ ይቺንም ጥያቄ አብራችሁ ሼር አድርጉ።