የጉሮሮ ሕመምና የልጆቻችን ልብ

«ብርድ መትቶኝ ጉሮሮዬን ዘጋኝ» የሚለውን አነጋገር ከደባርቅ፥ ከዳባትና ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ለመጣን ተማሪዎች ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት የደጋ ከተማ ናት። ሌሊቱ ይበርዳል፤ በየገጠሩም ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተሰብስቦ ያድራል። ጉሮሮውን ያልታመመ ልጅ የለም ለማለት ይቻላል፤ ነገሩ ከመለመዱ የተነሣም እንደ በሽታ አይቈጠርም። ነገር ግን ከብዙው ቀላል የጉሮሮ ሕመም መካከል አንዱ ዓይነት ከጉሮሮ አልፎ የልጅን ልብ ለዕድሜ ልክ ያበላሻል። የሚያሳዝነውም፥ ይህን የሚከለክለው መድኃኒት ርካሽና ከታወቀ ብዙ ዘመን ያለፈው መሆኑ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ብርድ ብቻውን ጉሮሮ አያቈስልም። የሚያቈስሉት በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ናቸው። ብርዱ የሚያደርገው ሰውን በጠባብ ቤት ማጨናነቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ አንዱ ሲያስልና ሲያስነጥስ ተሐዋስያኑ ወደ ሌላው ይሻገራሉ።

እነዚህም በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ቫይረሶች ናቸው፤ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው ከእነርሱ ነው። ከጉንፋን፥ ከሳልና ከድምፅ መጐርነን ጋር ይመጣል፤ በሳምንት ያህል ጊዜም በራሱ ይድናል። ፔኒሲሊንም ሆነ አሞክሲሲሊን ለዚህ አንዳች አይረዳም። ሁለተኛዎቹ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ዋናው ስትሬፕቶኮከስ ይባላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በክር እንደ ተሰካ ዶቃ የተያያዘ ነው። ጉሮሯቸውን ከታመሙ 10 ልጆች በ2ቱ ወይም በ3ቱ ምክንያቱ ይህ ነው፤ በአዋቂዎች ግን ያንሳል።

የስትሬፕቶኮከስ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ሕመሙ በድንገት ይጀምራል፤ ትኩሳት አለው፤ ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ግን የለውም። በእንጥል ግራና ቀኝ ያሉት ዕጢዎች ቀልተው ያብጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ነጭ መግል ይታይባቸዋል። ከመንጋጋ በታች ያሉት ንፍፊቶች ሲነኩ ያማሉ። ምልክቱ ብቻውን ፍጹም ማረጋገጫ ባይሆንም ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ በቂ ምክንያት ነው።

ጉሮሮና ልብ ምን አገናኛቸው?

ሰውነታችን ስትሬፕቶኮከስን ለመውጋት የሚያዘጋጀው መከላከያ አንዳንድ ጊዜ ጠላቱን ከወዳጁ መለየት ያቅተዋል፤ የተሐዋሲው አካል ከልባችን አካል ጋር የሚመሳሰልበት ነገር ስላለው መከላከያው ልብን ይወጋል። ይህም ሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ እንደገና ያተኵሰዋል፤ ዛሬ ጕልበቱ፥ ነገ ቍርጭምጭሚቱ ያብጣል። የመጋጠሚያው እብጠት ያልፋል፤ ቫልቭ የሚባሉት የልብ በሮች ግን ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ። ሕመሙ በተመለሰ ቍጥርም ጕዳቱ ይብሳል። ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሴት ከሆነችም እርግዝና ለሕይወቷ ያሰጋታል። በዚያን ጊዜ የጉሮሮውን ሕመም የሚያስታውሰው የለም። የተበላሸውን በር ለማደስ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፤ ለዚህ የተቋቋመውና እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የልብ ማዕከል የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሲሆን፥ ከደባርቅ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ሁለት ስሕተቶች

1ኛ፤ እንጥል ማስቈረጥ። በአገራችን «እንጥሉ ወርዶ ነው» እየተባለ የሕፃናት እንጥል ሲቈረጥ ኖሯል። ይህን ያደረጉ እናቶች ልጃቸውን ከመውደድ የተነሣ ነውና አንወቅሳቸውም። ዳሩ ግን እንጥል ያበጠው በበሽታው ምክንያት እንጂ እርሱ ራሱ በሽታ አይደለም፤ ቢቈረጥም ተሐዋሲው አይወጣም። ምላጩ ደም ያፈስሳል፤ መንጋጋ ቈልፍንና ሌላም በሽታ ያስገባል፤ ሕይወትም ያሳልፋል።

2ኛ፤ ኪኒን እንደ ቆሎ መቃም። ይህ የእኛ የተማርን ነን ባዮች ስሕተት ነው። ጉንፋን በያዘን ቍጥር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሲሲሊን እንገዛለን፤ በሦስተኛው ቀን ሲሻለን እናቆማለን፤ የተረፈውንም በመኝታ ክፍል ለጓደኛችን እናካፍላለን። በዚህም ላልታዘዘለት ሕመም ተወሰደ፤ ለታዘዘለትም ጐደለ። የተማረ ሰው ባላገሩን ከመምከሩ በፊት ራሱን ቢመክር መልካም ነው።

ትክክለኛው ሕክምና

ፔኒሲሊን የልብን ጕዳት አስቀድሞ እንደሚከለክል በአሜሪካ ወታደሮች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1950 ታትሟል። እስከ ዛሬም ይህ ተሐዋሲ ፔኒሲሊንን አልተላመደም። ሕክምናው ወይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ፥ ወይም 10 ቀን ሙሉ ሳይቋረጥ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ስላለ ከመወጋት በፊት መናገር፥ ከተወጉም በኋላ በዚያው ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል። ልቡ አስቀድሞ የተነካበት ልጅ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት መወጋት አለበት።

ለአገራችን የሚያጽናናው ነገር ይህ ነው፤ ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ መድኃኒቱ ከተጀመረ ልብን ለማዳን ይደርሳል። ስለዚህ ከሊማሊሞ ማዶ ካለው ቈላ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን በእግሯ ተጕዛ ደባርቅ የምትደርስ እናት አልዘገየችም።

የጉንፋን ጉሮሮ ከሆነ ግን ዕረፍት፥ ትኵስ መጠጥ፥ ለብ ባለ የጨው ውሃ መጕመጥመጥና ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ማርም ያለሳልሳል፤ ነገር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተው፥ አፉን መክፈት ከተሳነው፥ አንገቱ ካበጠ፥ ወይም በጉሮሮው ላይ ግራጫ ሽፋን ከታየ፥ ለነገ ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። ግራጫው ሽፋን የዘጊ አነዳ ምልክት ነው፤ እርሱንም የልጆች ክትባት ይከላከለዋል።

የእኛ ድርሻ

የጐንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም የተነሣበት ሐሳብ ሐኪሙ ሕዝቡ ወዳለበት ይሂድ የሚል ነበር። ዩኒቨርሲቲው በዳባት እ.ኤ.አ. በ1996 ባቋቋመው ጣቢያ የሕዝቡን ልደትና ሞት መከታተል ጀምሯል። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ሁሉ አይደለንም፤ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ግን በእናቶቻችን ምድጃ አጠገብ የምንቀመጥ እኛው ነን። ትኵሳት ያለበትንና ሳል የሌለበትን የልጅ ጉሮሮ አይተን «እማዬ፥ ይህ ለምላጭ አይሰጥም፤ ነገ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው» ብንል፥ የአንድ ልጅ ልብ እናድናለን። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም።