የካቢኔት በር በሲኤንሲ ራውተር ሲቀረጽ የመቁረጫዎች ቅደም ተከተል፦ የይፋት ቆላን የሥራ ሁኔታ መነሻ በማድረግ

ከአንድ ሙሉ የኤምዲኤፍ ሉህ የኩሽና ካቢኔት በሮችን በሲኤንሲ ራውተር ለማውጣት በተለምዶ አምስት ወይም ስድስት ዓይነት መቁረጫዎች ይፈለጋሉ። አንዱ የበሩን መሀል ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላው ቅርጹን ያወጣል፣ ሌላው ማዕዘኑን ያሾላል፣ የመጨረሻው በሩን ከሉሁ ይለያል። የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይከተል ለሚለው ጥያቄ ብዙዎቹ የንድፍ ሶፍትዌሮች በቅድሚያ የሚያቀርቡት መልስ የመቁረጫ ለውጥን ቁጥር የሚቀንሰውን ነው። ይህ መስፈርት ስሕተት አይደለም። ይሁንና መብራት በሚቆራረጥበት፣ መቁረጫ በእጅ በሚለወጥበትና የተበላሸ ሉህን ለመተካት ረጅም መንገድ በሚያስፈልግበት ቦታ ከእርሱ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ሉሁ በገበታው ላይ በምን ኃይል ተይዟል? ሥራው መሀል ላይ ቢቋረጥስ የትኛው ደረጃ ያለ ጉዳት ሊደገም ይችላል?

ካራቆሬ እነዚህን ጥያቄዎች ለመመርመር ተስማሚ መነሻ ናት። በአዲስ አበባ–ደሴ አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ይህች የይፋት ከተማ በምርምር ጽሑፎች ውስጥ ስሟ የሚነሣው በአብዛኛው በ1953 ዓ.ም. በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ነው። ለእንጨት ሥራ ግን የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ኤምዲኤፍ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ ከአዲስ አበባ ነጋዴ እጅ ወጥቶ፣ በጭነት መኪና ተጉዞ ነው ቆላው የሚደርሰው፤ የተሰበረ መቁረጫም የሚተካው በዚያው መንገድ ነው። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ ብዙ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ ቤት እንደገና በሚታነጽበት አካባቢ ደግሞ የበርና የመደርደሪያ ሥራ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በእንዲህ ያለ ቦታ ማሽን የሚተክል ዎርክሾፕ ቅደም ተከተሉን ሲያቅድ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ፍጥነት ሳይሆን ስለሚያጣው ነገር መሆን ይኖርበታል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ የሥራ ምሳሌ ይወሰድ። 1220 በ2440 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ሉህ ላይ 390 በ690 የሆኑ 9 በሮችና 140 በ390 የሆኑ 6 የመሳቢያ ፊቶች በ12 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊደረደሩ ይችላሉ። በሁለቱ አጫጭር ጫፎች በኩል 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይቀራል። ይህች ትርፍ እንደ ብክነት የምትታይ ብትሆንም በኋላ እንደሚታየው ሥራው በሙሉ የሚደገፈው በእርሷ ነው። የፊት ለፊቱ ቅርጽ አምስት መቁረጫ ይጠይቃል ቢባል፣ እያንዳንዱ መቁረጫ የሉሁን ሥራ በሙሉ ጨርሶ ለተከታዩ ሲለቅ አምስት ጊዜ ብቻ ይገጠማል። አንዱን በር ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ግን ለ15ቱ ክፍሎች 75 ጊዜ መግጠምን ያስከትላል። በእጅ የሚደረግ አንድ ለውጥ ዜሮ ከመያዝ ጋር 3 ደቂቃ ቢፈጅ፣ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት፣ ሁለተኛው አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይወስዳል። መቁረጫውን ራሱ የሚለውጥ ማሽን ባለበት ልዩነቱ ወደ ደቂቃዎች ስለሚወርድ ምርጫው ሰፊ ነው፤ በእጅ በሚለወጥበት ግን በመቁረጫ መሄድ አያከራክርም። ክርክሩ በመቁረጫዎቹ መካከል ባለው ተራ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚሠራው የሉሁ ጀርባ ነው። የማጠፊያው ጽዋ የሚቀመጥበት 35 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ጉድጓድ በሮቹ ከተቆረጡ በኋላ አንድ በአንድ ሊቦረቦር ይችላል፤ ሆኖም እያንዳንዱን በር እንደገና አስተካክሎ ማሠር የስሕተት በር ይከፍታል። ሉሁ ገና ሙሉ ሳለ 18ቱንም ጉድጓዶች ቦርቡሮ ከዚያ መገልበጥ ይሻላል። ሲገለበጥ ቦታውን እንዳይስት በአጫጭር ጫፎቹ ትርፍ ላይ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ተበስቶ በገበታው ላይ በተተከሉ የእንጨት ችካሎች ይያዛል፤ የጀርባው ፕሮግራምም እንደ መስታወት ምስል የተገለበጠ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ስሌት አለ። የጽዋው ጉድጓድ ማዕከል ከበሩ ጠርዝ 22.5 ሚሊ ሜትር ቢርቅ፣ የውስጠኛው ዳር ከጠርዙ 40 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። ጥልቀቱ 12.5 ሚሊ ሜትር ነው ቢባልና ከፊት በኩል የበሩ መሀል በ6 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢደረግ፣ የሁለቱ ድምር 18.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሉሁ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የበሩ ክፈፍ ከ40 ሚሊ ሜትር የጠበበ ከሆነ ጉድጓዱና መሀሉ በሚገናኙበት ቦታ በሩ ይበሳል። ክፈፉን 60 ሚሊ ሜትር ያደረገ ንድፍ 20 ሚሊ ሜትር መተማመኛ አለው፤ ለጠባብ ክፈፍ የሚያደላ ደንበኛ ግን ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ከግልበጣው በኋላ የፊቱ ሥራ ይጀመራል። በ12 ሚሊ ሜትር ቀጥ ያለ ቢት የበሩን መሀል ዝቅ ማድረግ የሚቀድመው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ብዙ ዱቄት የሚያወጣው ይህ ደረጃ ስለሆነ ሉሁ ሙሉ ጥንካሬውን እንደያዘ ቢያልፍ ይመረጣል። ሁለተኛ፣ የቅርጽ መቁረጫው ከሁሉም ውድ ነው፤ በኤምዲኤፍ ውስጥ ያለው ሙጫ ደግሞ ስለትን ይበላል። ርካሹ ቢት አስቀድሞ አብዛኛውን አካል ካነሣ የቅርጹ መቁረጫ የሚጠርገው ጥቂት ብቻ ይሆናል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ከዚያ የቅርጹ መቁረጫ ይከተላል። ቀጥሎ 90 ዲግሪ የሆነ ቪ ቢት ማዕዘኖቹን ያሾላል፤ ምክንያቱም ክብ መቁረጫ ማዕዘን ላይ የራሱን ግማሽ ዲያሜትር የሚያህል ጥምዝ ጥሎ ያልፋል፤ ቪ ቢቱ ግን ወደ ማዕዘኑ በሰያፍ እየተጓዘ ከፍ ሲል ነጥቡን ያወጣዋል። በመጨረሻ የበሩን የውጭ ጠርዝ የሚያለሰልሰው መቁረጫ ይገባል።

በእነዚህ ደረጃዎች ውስጥ የሥራውን ጥራት የሚወስነው የዜሮ ነጥብ አያያዝ ነው። መቁረጫ በእጅ በተለወጠ ቁጥር ከፍታው እንደገና ይለካል፤ በእያንዳንዱ ልኬትም ትንሽ ልዩነት ይገባል። 90 ዲግሪ ቪ ቢት በ0.1 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ቢገባ መስመሩ በ0.2 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ይህ በጥሬ ኤምዲኤፍ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ቀለም ከተቀባ ወይም ፒቪሲ ከለበሰ በኋላ ግን ብርሃን በጎን ሲመታው በማዕዘኑ ላይ እንደ ደረጃ ይታያል። ስለዚህ እርስ በርስ የሚገናኝ መስመር ያላቸው መቁረጫዎች፣ ማለትም የቅርጹና የማዕዘኑ፣ ያለ ሌላ ጣልቃ ገብ ሥራ ተከታትለው መግባት አለባቸው፤ ዜሮም የሚያዝላቸው ከሉሁ የላይኛ ገጽ፣ ከአንድ ቦታ ነው። ያ ቦታ ደግሞ እስከ መጨረሻ የማይነካ መሆን ይኖርበታል፤ ለዚህም የጫፉ ትርፍ ያገለግላል። ከሉሁ የሚለየው መቁረጫ ግን በተቃራኒው ዜሮው ከገበታው ላይ ይያዛል። የኤምዲኤፍ ውፍረት ከሉህ ሉህ በአሥረኛ ሚሊ ሜትሮች ስለሚለያይ ከላይኛው ገጽ የተለካ የመጨረሻ ቁርጥ አንዳንዴ ሳይደርስ ይቀራል፤ አንዳንዴም ገበታውን ያርሳል። ሁሉንም መቁረጫ በአንድ መነሻ መለካት ለማስታወስ ይቀላል እንጂ ለበሩ አይበጅም።

ሉሁን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ቫኪዩም ነው፤ ቫኪዩም ማለት ደግሞ የከባቢ አየር ግፊት ማለት ነው። የማሽን አምራቾች የሚሰጡት የመያዝ አቅም በባሕር ጠለል፣ ግፊቱ 101 ኪሎ ፓስካል በሆነበት የተለካ ነው። በ1,500 ሜትር ከፍታ ግፊቱ ወደ 85፣ በ2,400 ሜትር ወደ 76፣ በደብረ ብርሃን ደረጃ በ2,800 ሜትር ወደ 72 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ከዚህ ውስጥ 80 በመቶውን መሳብ የሚችል ፓምፕ በባሕር ዳርቻ 81፣ በአዲስ አበባ 60፣ በይፋት ቆላ 68 ኪሎ ፓስካል ያህል ያገኛል። በዚህ ረገድ ቆላው ከደጋው ይሻላል፤ አዲስ አበባ ላይ ተፈትኖ የያዘ ቅደም ተከተል ካራቆሬ ላይ አይለቅም። ከውጭ አገር መመሪያ እንዳለ የተወሰደ ግን በሁለቱም ቦታ ሊለቅ ይችላል።

በተግባር በመደቡና በተቆረጠው መስመር አየር ስለሚያፈስ ወደ ሉሁ የሚደርሰው ከዚህ ያነሰ ነው። 40 ኪሎ ፓስካል ቀረ ቢባል አንድ በር በ1,100 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ኃይል ወደ ታች ይጫናል፤ የመሳቢያ ፊቱ ግን በ220 ብቻ። ወደ ጎን የሚገፋውን መቁረጫ የሚመክተው ሰበቃ ደግሞ የዚህ ክፋይ ነው። ስለዚህ ከሉሁ የመለየት ሥራ የመጨረሻ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በራሱ ውስጥም ተራ አለው። ቫኪዩሙ ገና ሳያፈስ ትንንሾቹ የመሳቢያ ፊቶች ይቀድማሉ፣ ትልልቆቹ በሮች ይከተላሉ። ቺፑን ወደ ታች የሚገፋ ቢት ሉሁን ወደ ገበታው ስለሚጫን እዚህ ይመረጣል። ከላይም ከታችም ወደ መሀል የሚጨምቀው ውድ ቢት ላዩ በሜላሚን ለተለበጠ ሉህ ያስፈልጋል፤ ጠርዙ ለሚለሰልስና ለሚቀባ ጥሬ ኤምዲኤፍ ግን ትርፍ ወጪ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ መከላከያ በመጀመሪያው ዙር ሉሁን ሳይበሱ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ስስ ሽፋን መተው ነው። የሙያው ሰዎች በሌላው ዓለም ይህን ሽፋን በሽንኩርት ልጣጭ ይጠሩታል፤ ሽንኩርት በመስኖ በሚመረትበት በሸዋ ሮቢት አካባቢ ስሙን ማስረዳት አያስቸግርም። ቁርጡ በ9፣ ቀጥሎ በ17.6 ሚሊ ሜትር ካለፈ በኋላ ልጣጩ ብቻ ይቀራል፤ የመጨረሻው ዙር የሚቆርጠው እርሱን ስለሆነ በበሩ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት እጅግ ትንሽ ነው። ለመሳቢያ ፊቶቹ ደግሞ የመጨረሻውን ዙር ጨርሶ ትቶ ልጣጩን በቢላዋና በብርጭቆ ወረቀት በእጅ ማንሣት ሊመረጥ ይችላል። ቀርፋፋ ነው፤ የሚጠፋ ዕቃ ግን የለም።

የመብራት ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ኃይል ሲቋረጥ ስፒንድሉ በእንጨቱ ውስጥ ይቆማል፤ ቫኪዩሙም ይለቃል። ብዙ የእጅ መቆጣጠሪያዎች ከተቋረጠበት ነጥብ የመቀጠል አገልግሎት ቢኖራቸውም፣ ያ አገልግሎት የሚያስታውሰው የማሽኑን ቦታ እንጂ የሉሁን አይደለም። ሉሁን ወደ ቦታው የሚመልሱት በትርፉ ላይ ያሉት ችካሎች ናቸው። እነርሱ ካሉ ማሽኑን ወደ መነሻው መልሶ የዚያን መቁረጫ ፋይል ከመጀመሪያው ማስነሣት ይቻላል፤ ቀድሞ የተቆረጠው መስመር ላይ መቁረጫው ባዶ አየር እያረሰ ያልፋል፤ የሚጠፋው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ይህ እንዲሆን እያንዳንዱ መቁረጫ የራሱ ፋይል ሊኖረው ይገባል። ሁሉንም በአንድ ረጅም ፋይል ማያያዝ ማሽኑ ራሱ መቁረጫ በሚለውጥበት ቦታ ምቹ ነው፤ በእጅ በሚለወጥበትና መብራት በማይታመንበት ግን ድካም ይጨምራል።

ሊደገም የማይችለው ልጣጩን የሚቆርጠው ዙር ብቻ ነው፤ ከሉሁ የተለየና የተንቀሳቀሰ በር ወደ ነበረበት አይመለስምና። የዘጠኙ በሮችና የስድስቱ የመሳቢያ ፊቶች ዙሪያ ተደምሮ 25.8 ሜትር ይሆናል፤ በደቂቃ 6 ሜትር ቢሄድ ይህ ዙር ከአራት ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ሁሉ ቢቋረጥ ይደገማል። ዙሩን ለብቻው በአጭር ፋይል አስቀምጦ መብራቱ የረጋበትን ሰዓት መጠበቅ፣ ወይም ጄኔሬተርን ለእነዚያ ደቂቃዎች ብቻ ማስነሣት አቅምን ያገናዘበ አሠራር ነው።

ከኤምዲኤፍ ወደ ድፍን እንጨት ሲኬድ ተራው በከፊል ይለወጣል። ዋንዛ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነበር፤ ከገበሬ ማሳ የሚገኘው ግን ዛሬም ለበር ይፈለጋል። በዋንዛ ሰሌዳ ዙሪያ ቅርጽ ሲወጣ የእንጨቱን ጅማት የሚያቋርጡት ሁለቱ ጫፎች መቅደም አለባቸው፤ መቁረጫው ከጫፉ ሲወጣ ማዕዘኑን ይሰነጥቃል፤ ቀጥሎ በጅማቱ አቅጣጫ የሚሄዱት ሁለት ጎኖች ሲቆረጡ ስንጥቁ አብሮ ይነሣል። ፕሮግራሙ ዙሪያውን በአንድ መስመር እንዲዞር ከተተወ ግን ስንጥቁ በአንዱ ማዕዘን ላይ ይቀራል። ሰሌዳው በክፈፉ ውስጥ የሚገባበት ቦይም በስፋቱ በኩል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለታል፤ በደጋ አየር የቆየ ዋንዛ የቆላውን ሙቀት ሲያገኝ ይሰበሰባል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መልሶ ይሰፋል።