በዘጌ ግድግዳ ላይ ፊት የተነሱት

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ዘጌ የወረደ ሰው፣ በቡናው ጫካ መሀል ሽቅብ ወጥቶ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይደርሳል። የክቡ ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል፤ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ቀዩና ቢጫው ነው። ቆም ብሎ ላየ ግን ፊቶቹ ይለያያሉ። ጻድቃኑና ሰማዕታቱ ፊት ለፊት፣ ወይም በመጠኑ ዘወር ብለው፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያያሉ። ገራፊው፣ ሰቃዩ፣ ሰይጣኑ በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ቀርቷቸዋል። በአገራችን የጸሎተ ኀሙስ እራት ሥዕሎችም ይሁዳን ለመለየት ጽሑፍ ማንበብ ብዙም አያስፈልግም።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ደንብ ሳይማረው ያውቀዋል። የናቅነውን ሰው ፊት እንነሳዋለን፣ ያቀረብነውን ፊት እንሰጠዋለን፣ በተቀየምነው ላይ ፊታችንን እናዞራለን። ሠዓሊው ከአነጋገሩ ቀዳ ለማለት አልደፍርም። ሁለቱ የቆሙት ግን በአንድ ተለዋጭ ዘይቤ ላይ ነው፦ መተያየት ዝምድና ነው፣ ፊት ማጣት መለየት። የቋንቋ ሊቁ ጆርጅ ሌኮፍና ፈላስፋው ማርክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ተለዋጭ ዘይቤ የንግግር ጌጥ ብቻ ሳይሆን ረቂቁን ነገር በሚታይና በሚዳሰስ የምናስብበት መንገድ ነው ብለው ተከራክረዋል። በሥዕሎቹም ኃጢአት ስለሚከብድ ይመዘናል፦ ሰው በሊታው በላዔ ሰብ የበላቸው 78 ነፍሳት በአንዱ ወገን፣ ለተጠማ የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሌላው፤ የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበት ሚዛን የሚደፋው ውኃው ነው። ክብር ከፍታ ስለሆነ ደግሞ፣ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ከማርያም እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል።

ዘይቤው ሐሳብን ምን ያህል ይመራል? ፖል ቲቦዶና ሌራ ቦሮዲትስኪ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ስለ አንዲት ከተማ ወንጀል ለሰዎች አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ለአንዱ ቡድን ወንጀል ከተማዋ ላይ የተለቀቀ አውሬ ነው፣ ለሌላው ቫይረስ፤ አኃዙ ግን አንድ ነው። አውሬውን ያነበቡት ይታደን፣ ይታሰር ወደሚለው ይበልጥ አዘነበሉ፤ ቫይረሱን ያነበቡት መንስኤው ይጠና ወደሚለው። ምን አሳመናችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ የጠቀሱት ቁጥሩን ነው እንጂ ያችን ቃል አላነሷትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ጄራርድ ስቴንና ባልደረቦቹ ደግመው ሲሞክሩት ልዩነቱን አላገኙም። እኔን አይደንቀኝም። አንድ ቃል አንዴ ያነበበ ሰው ሌላ፣ እናቱ ጀርባ ላይ ከታዘለበት ጊዜ ጀምሮ በየበዓሉ ያንኑ ግድግዳ እያየ ያደገ ሰው ሌላ።

እንዲህ ያለ ልማድ ትውስታንም ይቀርጻል። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሞሪስ አልብዋክስ እ.ኤ.አ. በ1925 የምናስታውሰው ማኅበረሰባችን ባቆመልን ማዕቀፍ ውስጥ ነው ብሎ ነበር። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረት ለራሱ አገር ሰዎች አስነብቦ ቆይቶ ሲያስደግማቸው፣ በተረቱ ውስጥ የነበረችው ታንኳ ጀልባ ሆና ተመለሰች። (ደንገል አስሮ ታንኳ የሚሠራ የጣና ሰው ቢሰማ ይስቅ ነበር።) የእኛም ሠዓሊዎች በቀይ ባሕር የሚሰጥመውን የፈርዖን ሠራዊት ጠመንጃ አስይዘውታል።

የዘይቤው ጉልበት ይበልጥ የሚታየኝ ግን በዓድዋ ሥዕሎች ነው። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ በጨርቅ ላይ ደጋግመው ከሣሉት ሠዓሊዎች ብዙዎቹ እጃቸውን የፈቱት በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነበር። ምኒልክ በጥላ ሥር፣ ጣይቱ በፈረስ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ፤ ኢትዮጵያውያኑ በሁለት ዓይን፣ ጣሊያኖቹ በጎን። ጣሊያን ከባሕር ማዶ ሲመጣ በሥዕሉ ውስጥ ቦታው ቀድሞ ተዘጋጅቶለት ነበር፣ ከይሁዳና ከገራፊዎቹ ተርታ። አዲስ ጠላት ወደ ነባር ትውስታ የሚገባው እንዲህ ነው። የሚቀርም ነገር አለ። በጣሊያን በኩል የተሰለፉ፣ አስካሪ የሚባሉ የኤርትራ ወታደሮች ነበሩ፤ ደንቡ ግን የሚያውቀው አንድ ዓይንና ሁለት ዓይን ነው፣ ተኩል የለውም።

ደንቡ ራሱም በአፍ ሲነገር ከሥዕሉ ይልቅ ጠንክሯል። አስጎብኚዎች «ሁለት ዓይን ጻድቅ፣ አንድ ዓይን ኃጥእ» ሲሉ ጎብኚው ከዚያ ወዲያ የሚያየው ይህንኑ ነው። ማርያምን ወደ ግብጽ የተሸከመችው አህያም ብዙ ጊዜ በጎን ናት፤ ኃጢአቷን የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

ከሥዕል ውጭ፣ በቃልም ዘይቤ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከጣና የሚወጣውን ወንዝ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ስንለው ኖረናል፤ አፈራችንን ተሸክሞ የሚሄድ ቤት አልባ። ለግብጻውያን ሰጪ ነው፣ ለእኛ ይዞ ሂያጅ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል ተረቱ ተገለበጠ፤ ዓባይ ማደሪያ አገኘ ተባለ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ወንዙ ግን በተረቱም በግልባጩም ያው ሰው ነው። በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚነሳው ግድቡ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ነው፤ ከደመወዙ እየቆረጠ ቦንድ የገዛው ሰው ግን ብሩን የሰጠው ለሜትር ኩብ አልነበረም፣ ቤቱ እንዲገባ ለሚፈልገው ዘላን ዘመዱ ነው።